«ሦስት ሰው ብቻ ነው የጠቀሰኝ»

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ሮቤ ላይ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የደብተሩ ጀርባ ላይ ካርታ ሲስል ነበር የማውቀው። አሁን ሐኪም ሆኗል፤ ራዲዮሎጂ ስፔሻላይዝ እያደረገ ነው። ድምፁ ደስ አላለኝም።

«ቲቸር፣ ተስፋ ቆረጥኩ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ዓመት ለፍቶ ስለ ጉበት አልትራሳውንድ አንድ የምርምር ጽሑፍ አሳተመ። ሥራው ወጣ፣ እንኳን ደስ ያለህ ተባለ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ጉግል ስኮላር ላይ እየገባ ስንት ሰው እንደጠቀሰው ማየት ጀመረ። ሦስት። ከወር በኋላም ሦስት። ከስድስት ወር በኋላም ሦስት። አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ደግሞ አለ፤ እሱም የሚጽፈው ስለ ጉበት ካንሰር ምስል ነው። የሱ በሺዎች ነው የሚቆጠረው።

«ሦስት ሰው ብቻ ነው የጠቀሰኝ ቲቸር። ለማን ነው የምጽፈው?»

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ያለኝም ዲፕሎማ ነው። ስለ ጉበት የማውቀው አጎቴን የገደላቸው መሆኑን ነው። በዚያ ሰዓት «አይዞህ» ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። ይሄ ጽሑፍ ለሱ የምሰጠው መልስ ነው፤ እናንተም አብራችሁ ስሙት።

ከአጎቴ ልጀምር።

አጎቴ ሲናና በኩል ስንዴና ገብስ የሚያርሱ ብርቱ ሰው ነበሩ። ከዓመታት በፊት መክሳት ጀመሩ። ከቀኝ ጎድናቸው በታች «አንድ ነገር ይከብደኛል» ይሉ ነበር። ከዚያ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። እኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን ስሙ ይታወቃል፤ የወፍ በሽታ ነው። በኦሮምኛም ዱኩባ ሲምቢራ ነው የሚባለው፣ ያው የወፍ በሽታ ማለት ነው። የሌሊት ወፍ ነክታው ነው ይባላል። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ ሥር የሚያውቁ ሰው ዘንድ ተሄደ፣ ተጠጣ። አልተሻላቸውም። አልትራሳውንድ ሲነሱ ጉበታቸው ላይ እብጠት ታየ፤ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል ተባለ።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከሮቤ ተነሥተን በአሰላ በኩል አዲስ አበባ ገባን። ሲቲ ስካኑ ተነሣ። ምስሉን ያየው ሐኪም ወጣት ነበር፣ ትሁት ልጅ። እኔ «ምንድነው?» ብዬ ስጠብቅ እሱ መልሶ ጠየቀኝ፦

«አባባ ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረው ያውቃሉ?»

አያውቁም። ምስሉ እጁ ላይ እያለ ለምን የደም ምርመራ እንደሚጠይቅ አልገባኝም። «እዩት፣ ይሄ ምስል ብቻውን ሁሉንም አይነግረኝም፤ ደሙን ሳውቅ ነው ምስሉን በደንብ የማነበው» አለኝ። ደም ተሰጠ። ፖዘቲቭ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ነገረን። የጉበት ካንሰር ነው። ጊዜው አልፏል። አጎቴ ከአራት ወር በኋላ ቤታቸው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ያ ሐኪም ሲሸኘን «ልጆቻቸውን በሙሉ አስመርምሩ» ብሎ ነበር። አስመረመርን። ከስድስቱ አንዱ ቫይረሱ ተገኘበት። ምንም አያመውም፣ ሙሉ ጤነኛ ነው የሚመስለው። አምስቱ ተከተቡ። እሱ ክትትል ጀመረ፤ በየስድስት ወሩ ጎባ እየሄደ ጉበቱን አልትራሳውንድ ይነሣል። ዛሬም በሕይወት አለ፣ አባቱ ያርሱት የነበረውን መሬት ያርሳል።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው። ያቺን አንዲት ጥያቄ፣ «ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረው ያውቃሉ?» የምትለዋን፣ ማን ነው ለዚያ ሐኪም ያስተማረው?

መጀመሪያ ምስሉ ለምን ብቻውን እንደማይበቃ ላስረዳ። እኔ እንደገባኝ ነው የምጽፈው፤ ሐኪሞች ካጠፋሁ አርሙኝ።

ጉበት ከሌሎች አካላት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ደም በሁለት በኩል ይመጣለታል። ወደ ሦስት አራተኛው የሚመጣው ምግብ ይዞ ከአንጀት በሚነሣው ደም መልስ ሥር ነው። የቀረው ሩብ ደግሞ ከልብ በሚነሣው ደም ወሳጅ ሥር ይመጣል። የጉበት ካንሰር ግን ሲያድግ ለራሱ አዲስ ሥሮች ያበቅላል፤ ደሙንም በብዛት የሚስበው ከደም ወሳጁ ነው። ስለዚህ ሲቲ ስካን ሲነሣ በክንድ በኩል ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት ይወጋና ፎቶው ደጋግሞ ይነሣል። መጀመሪያ መድኃኒቱ በደም ወሳጁ ሲደርስ እብጠቱ ከቀረው ጉበት ይልቅ ደምቆ ያበራል። ትንሽ ቆይቶ የቀረው ጉበት በሌላኛው ሥር በኩል ሲሞላ እብጠቱ መድኃኒቱን ቀድሞ ለቆ ይጠቁራል። ቀድሞ ማብራት፣ ቀድሞ መጥቆር። ይሄ ነው ምልክቱ።

ሌላው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ሥጋ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ካልታየ አይረጋገጥም። የጉበት ካንሰር ግን ምልክቱ በደንብ ከታየ ያለ መርፌ በምስል ብቻ ሊረጋገጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአውሮፓ የጉበት ሐኪሞች ባርሴሎና ላይ ተሰብስበው ለዚህ መንገድ ከፈቱ። አሜሪካኖቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ላይ-ራድስ የሚባል የአነባበብ ሥርዓት አወጡ። ግን አንድ ትልቅ ቅድመ ሁኔታ አለው። ይሄ ሕግ የሚሠራው ለማንኛውም ሰው አይደለም። የሚሠራው አደጋ ላይ ላለ ሰው ነው፤ ጉበቱ የጠነከረ ወይም ሄፓታይተስ ቢ በደሙ ውስጥ የኖረ ሰው መሆን አለበት። ይሄ በሌለበት ሰው ላይ ያው ምስል ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አጎቴ በተኙበት ክፍል ውስጥ ሁለት እውቀቶች ተገናኝተዋል። አንዱ ምስሉን የሠራው ነው። ሌላው የጉበት ካንሰርን ከቫይረሱ ጋር ያገናኘው ነው። የሁለቱንም ታሪክ ስከተል የተማሪዬን ጥያቄ አገኘሁት።

የምስሉ ታሪክ የሚጀምረው እዚሁ አፍሪካ ነው፤ ይሄን አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር አለን ኮርማክ የሚባል ሰው ነበር። ግሩት ስኩር የሚባለው ሆስፒታል የፊዚክስ ሰው ስላጣ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እየመጣ እንዲሠራ ተጠየቀ። እዚያ የጨረር ሕክምናውን ሲያይ አንድ ነገር ከነከነው። የሰው ገላ ውስጥ ያለው ሥጋ፣ አጥንትና አየር ጨረርን እኩል አይዙም፤ ሐኪሞቹ ግን እኩል እንደሚይዝ አድርገው ነበር የሚያሰሉት። ጨረሩን ከብዙ አቅጣጫ አሳልፎ፣ የወጣውን ለክቶ፣ ውስጡ ምን እንዳለ በሒሳብ ማወቅ ይቻል ይሆን? ብሎ ተነሣ። ሒሳቡን ሠራው። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 በአንድ የፊዚክስ ጆርናል ላይ አወጣው።

ከዚያስ? ከዚያ ዝም። ማንም አልሰማውም ማለት ይቻላል። ኮርማክ ራሱ በኋላ ሲናገር ምላሽ የሚባል ነገር እንዳላገኘ ነው የገለጸው። እንግሊዝ አገር ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሚባል ኢንጂነር በራሱ መንገድ ማሽኑን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ላይ የመጀመሪያዋ ታካሚ ተነሣች። እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለቱ አብረው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ኮርማክ የዶክትሬት ዲግሪ እንኳን አልነበረውም።

አስቡት። ያ ሰው የዛሬው ጉግል ስኮላር ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ገብቶ ቢያይ፣ ምን ይል ነበር? «ለማን ነው የምጽፈው?» ነበር የሚለው።

ሁለተኛው ታሪክ የደሙ ነው። ይሄኛው ደግሞ ጎንደር ያደርሰናል።

እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግና ባልደረቦቹ አንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ነገር ማግኘታቸውን ጻፉ፤ የአውስትራሊያ አንቲጅን አሉት። በኋላ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሽፋን ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሆስፒታል ሄዳችሁ ሄፓታይተስ ቢ ስትመረመሩ የሚፈለገው እሱ ነው። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ኖቤል ተሸለመ።

በዚያው በ1976 አንድ የትሮፒካል ሕክምና ጆርናል ላይ አጭር ጽሑፍ ወጣች። ርዕሷ በአማርኛ ሲመለስ በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ አንቲጅንና አልፋ ፊቶፕሮቲን ከጉበት ካንሰር ጋር ስላላቸው ነገር ነው የሚለው። አልፋ ፊቶፕሮቲን ማለት የጉበት ካንሰር ባለባቸው ብዙ ሰዎች ደም ውስጥ ከፍ የሚል ፕሮቲን ነው። ከጸሐፊዎቹ መጀመሪያ የተጻፈው ስም እደማርያም ጸጋ ነው።

ዶክተር እደማርያም፣ በኋላ ፕሮፌሰር፣ የጎንደር ልጅ ናቸው። ካናዳ ሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው አገራቸው ተመለሱ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ አስተማሩ፣ አከሙ፣ ተመራመሩ። በዚያች ጽሑፍ ላይ አብረዋቸው ከጻፉት አንዱ የማክጊሉ ፊል ጎልድ ነው። ጎልድ እ.ኤ.አ. በ1965 ከሳሙኤል ፍሪድማን ጋር ሆኖ ሲኢኤ የሚባለውን፣ ዛሬ የአንጀት ካንሰር ክትትል ላይ የሚለካውን የደም ምልክት ያገኘ ሰው ነው። ሌላዋ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ስኳር በሽታ ብዙ የጻፈችው ዶክተር ሌስተር ናት። ሽልማቱ ገና እየተሰጠ ባለበት ዓመት፣ አገሩ በአብዮት እየተናጠ ባለበት ዓመት፣ እዚህ ያሉ ሐኪሞች የኢትዮጵያውያንን ደም ይዘው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። እኛ ወደ ኋላ ቀርተን አልነበረም። ይሄንን ለተማሪዎቼ አስተምሬ አላውቅም፤ በመማሪያ መጽሐፉም የለም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ፓልመር ቢዝሊ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ታይዋን ላይ የሠራውን ትልቅ ጥናት አወጣ። 22,707 ወንዶችን ለዓመታት ተከታተሉ። በጉበት ካንሰር ከሞቱት 41 ሰዎች 40ዎቹ ቫይረሱ በደማቸው የነበረ ናቸው። አደጋው ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ከ200 እጥፍ በላይ ሆነ። ያ ጥናት ክርክሩን ዘጋው። ዓለም ላይ ስለ ጉበት ካንሰርና ስለ ቫይረሱ የሚጽፍ ሰው ቢዝሊን ይጠቅሳል። ይገባዋልም፤ 22,707 ሰው ቀልድ አይደለም።

እደማርያም ግን ሥራቸውን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1977 በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል ላይ ስለ ኢትዮጵያ የጉበት በሽታዎች ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከስዊድናውያን ጋር ሆነው በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ እና ዴልታ ስርጭትን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሰሜን ኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል የተነሣውን የዓይን ቢጫ ወረርሽኝ ምክንያት ጻፉ፤ ሄፓታይተስ ኢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ። ሌሎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ብሔራዊ የሄፓታይተስ ቢ ጥናት ከየክፍለ ሀገሩ 5,270 ወጣት ወንዶችን መርምሮ 10.8 በመቶው ቫይረሱ እንዳለባቸው፣ 73.3 በመቶው ደግሞ ቢያንስ አንድ የቫይረሱ ምልክት እንደተገኘባቸው አሳየ። ከአራት ሰው ሦስቱ ማለት እኮ ነው፤ አሁን ባይኖርበት እንኳ አንድ ቀን ነክቶታል።

የወፍ በሽታ የምንለው ነገር ከወፍ ጋር ግንኙነት እንደሌለው፣ አንድ በሽታ ሳይሆን ብዙ እንደሆነ፣ አንዱ በውሃ፣ ሌላው በደምና ከእናት ወደ ልጅ እንደሚሄድ ለአገራችን ለይተው የነገሩን እነዚህ ጽሑፎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የስም ነገር ልንገራችሁ፤ ሳነብ ፈገግ ያሰኘኝ፣ ቆይቶ ደግሞ ያሳሰበኝ ነው። በዓለም የምርምር መዝገቦች ውስጥ «እደማርያም» የሚል ብትፈልጉ አታገኙም ማለት ይቻላል። ፈረንጅ የሚጠቅሰው በቤተሰብ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ጸጋ፣ ኢ.» ተብሎ ነው። የኢንዶዱ አክሊሉ ለማም «ለማ፣ ኤ.» ናቸው። ጸጋ ማናቸው? አለቃ ጸጋ ተሻለ፣ የጎንደር በአታ ቤተክርስቲያን አለቃ የነበሩ ቄስ። የልጅ ልጃቸው ጋዜጠኛዋ አይዳ እደማርያም ስለ አያቷ ስለ የተመኙ መኮንን በጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ታሪካቸው አለ። የቅኔ ሰው የነበሩት አለቃ ዛሬ በስዊድንም በታይዋንም በሳይንስ ጽሑፍ ግርጌ ላይ በጉበት ጉዳይ ይጠቀሳሉ። ቆጠራው ስም እንኳ በትክክል አይቆጥርም ማለቴ ነው።

እሺ፣ ይሄ ቆጠራ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሳይንስ ጽሑፎችን ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ ማሳተም ጀመረ። ሐሳቡን ያገኘው ከሕግ ሰዎች ነው። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ውሳኔ በኋላ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደተጠቀሰ፣ እንደጸና ወይም እንደተሻረ የሚያዩበት መዝገብ ነበራቸው። ጋርፊልድም አንድ ሐሳብ ከተጻፈ በኋላ ወዴት እንደሄደ ለመከታተል ነው ያሰበው። መዝገቡ መንገድ መሪ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሚዛን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውን አመጣ፦ አምስት ጽሑፍህ እያንዳንዱ ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተጠቀሰ ቁጥርህ አምስት ነው፤ አርባ ጽሑፍህ እያንዳንዱ አርባ ጊዜ ከተጠቀሰ አርባ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በዚህ ቁጥር ይቀጠራል፣ ይሾማል፣ ይናቃል። ነገሩ ስላሳሰባቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ አርታዒዎችና ተመራማሪዎች ሰውን በጆርናሉ ቁጥር ሳይሆን በሥራው መዝኑት የሚል መግለጫ አዘጋጁ።

ቁጥሩ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም፤ እሱን ማለት ውሸት ነው። ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ብዙ ሰው የሄደበት መንገድ ነው። ያ የውጭ አገር ፕሮፌሰር በሺዎች የተጠቀሰው በከንቱ ላይሆን ይችላል፤ የሱ መለኪያ ይሆናል አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የአጎቴን ምስል ያነበበበት። ምስጋና ይገባዋል።

ግን ቁጥሩ የሚቆጥረው የሚጽፉትን ብቻ ነው። ቢዝሊን የሚጠቅሰው ዓለም ነው፤ ዓለም ትልቅ ነው፣ ጸሐፊውም ብዙ ነው። እደማርያምን የሚጠቅሱት በአብዛኛው የኛው ልጆች ናቸው፤ በየዩኒቨርሲቲው ስለ ነፍሰ ጡሮች፣ ስለ ደም ለጋሾች፣ ስለ ጉበት ሕሙማን የሚጽፉት። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያን የሄፓታይተስ ጥናቶች አንድ ላይ የሰበሰበ ትልቅ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ በአማካይ 7.4 በመቶው ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት አገኘ። ያ ሥራ የተሠራው ከምን ላይ ነው? ከትንንሾቹ ጽሑፎች ላይ። አንዱ 200 ሰው፣ አንዱ 400 ሰው የመረመረ፣ እያንዳንዱ ሦስትና አምስት ጊዜ የተጠቀሰ። እነሱ ባይኖሩ የሚደመር ነገር አይኖርም ነበር።

ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ ነርሷ አትጠቅስም። እ.ኤ.አ. በ2007 የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አምስት በሽታን በአንድ መርፌ በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ገብቶ ለኢትዮጵያ ሕፃናት መሰጠት ጀመረ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው። ታይዋን ሕፃናቷን መከተብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር፤ በ1997 በወጣ ጥናት በልጆቿ ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ ደሎ መና ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት ነርስ የሕፃን ጭን ላይ መርፌ ስትወጋ የጉበት ካንሰር እየከለከለች ነው። ክትባቱን ያመጣው የኛው ጽሑፍ ብቻ ነው አልልም፤ ስንት ነገር ተደምሮበታል። ግን አንድ አገር ለአንድ በሽታ ገንዘብ ሲያወጣ በሽታው እዚህ መኖሩን የጻፈ ሰው ያስፈልጋል። ነርሷ ያንን ሰው አታውቀውም። ግርጌ ማስታወሻ አትጽፍም። ጉግል ስኮላርም አይቆጥራትም።

አጎቴን «ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረው ያውቃሉ?» ያላቸው ሐኪምም ማንንም አልጠቀሰም። ከመምህሩ ሰምቶ ነው፣ መምህሩም ከመምህሩ። በዚያች ጥያቄ ውስጥ ግን ኬፕ ታውን ማንም ያልሰማው ሒሳብም፣ ታይዋን ያሉት 22,707 ወንዶችም፣ የጎንደሩ ቄስ ልጅ ያሳተሟት አጭር ጽሑፍም ነበሩ። ሦስቱም አንድ የሲናና ገበሬ ላይ ተገናኙ። ገበሬውን አላዳኑም። ልጁን ግን እስከ ዛሬ አቆይተውልናል።

እንግዲህ ተማሪዬ ሆይ፣ መልሴ ይሄ ነው።

ትናንት መልሼ ደውዬ «ሦስቱ እነማን ናቸው?» ብዬ ስጠይቅህ ዝም አልክ። አላየሃቸውም ነበር። ቁጥሩን እንጂ ሰዎቹን አላየህም። ከዚያ ስታያቸው አንዱ እዚሁ አገር ያለ እንዳንተ ጀማሪ ሐኪም ሆኖ ተገኘ፤ አንተ የለካኸውን እሱ በሌላ ሆስፒታል ለክቶ «የኛም ተመሳሳይ ሆነ» ብሏል። ይሄ ትንሽ ነገር ነው? ባሌ ውስጥ ላለ ሕመምተኛ በሺዎች ከተጠቀሰው ይልቅ ይሄ ይቀርበዋል። የሱ ጉበት እዚያ አልተለካም፤ እዚህ ነው የተለካው። ቀጥለህ ጻፍ። ስምህንም በሁሉም ጽሑፍህ ላይ አንድ ዓይነት አድርገህ ጻፈው፤ ካልሆነ አባትህና አያትህ ይካፈሉታል።

ለናንተ ለወዳጆቼ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በቡና ስኒ አይተላለፍም፤ በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ብዙ ዓመት ሳያም ሊቀመጥ ይችላል። ከቤታችሁ በጉበት በሽታ የሞተ ሰው ካለ ሁላችሁም ተመርመሩ። የሌለበት ይከተባል። ያለበት ደግሞ ሞት አልተፈረደበትም፤ የሚያስፈልገው ሰው በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት አለ፣ በየስድስት ወሩም አልትራሳውንድ አለ። የሥር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም አትቆጡት፤ ይዛችሁት ሂዱና አስመርምሩት። እኛ በአጎቴ ጊዜ ያንን ባለማድረጋችን የባከነው ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአጎቴ ልጅ የሚቀጥለው ቀጠሮ በሚመጣው ወር ነው። አብሬው ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎባ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ያቺን ማሽን ይዞ የሚያየው ያ ከኋላ ወንበር ካርታ ይስል የነበረ ልጅ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

እስከዚያው ጽሑፍህን ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ፣ ግማሹ ባይገባኝም አነበብኩት፣ ይኸው ዛሬ ጠቀስኩት። አራተኛው ጠቃሽህ እኔ ነኝ። ጉግል ስኮላር ግን አይቆጥረኝም።

ሰላም እደሩ።